ተበልተሃል!

ቅዳሜ ዕለት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከደብረ ብርሃን ወረደ። ግንቦት ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ውሻው እንኳ መጮኹን ትቶ ጥላ ጥላውን ይላል። ጋሼ ግን ከነወፍራም ጃኬቱ፣ ጋቢውን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ የደብረ ሲና ቆሎውን እየቆረጠመ ከሚኒባስ ወረደ። ቤት እንደገባ ባለቤቴ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ ቆመች። አላያትም። እናቱ ከመደቡ ላይ ሆነው እጃቸውን ዘረጉ። አልሳማቸውም። ዓይኑ ግድግዳው ላይ፣ ከተሰቀለ ገና ሳምንት ያልሞላው የአየር ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«ስንት ተገዛ?»

አፌን ልከፍት ስል፣

«ተበልተሃል!» አለኝ።

ልብ አድርጉልኝ፤ ዋጋውን ገና አልነገርኩትም። ለእናንተም አልነግራችሁም፤ የምትሉኝን ስለማውቀው። እኛ ዘንድ ዋጋ የሚጠየቀው ለማወቅ አይደለም። ፍርዱ አስቀድሞ ተጽፏል፤ የቀረው ማኅተም መምታት ብቻ ነው። ውድ ከሆነ ተበልተሃል። ርካሽ ከሆነ ፎርጅድ ሸጠውልህ ተበልተሃል። ስጦታ ነው ብትል «የሰጠህ ሰውዬ ተበልቷል» ይሉሃል።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ እኛ በችኮላ የገዛን ሰዎች አለመሆናችን ነው። ባለቤቴ ለዚህ ኤሲ ብቻ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝታለች። ዕቁቡ እስኪወጣልን ዓመት ከመንፈቅ ስንደምርና ስንቀንስ ከረምን። መጀመሪያ ክፍሉን ለካን፤ አራት በአራት። ባለሙያው መጥቶ ጣሪያውን አንጋጦ አየና «ሌላ ቦታ ቢሆን ለዚህ ክፍል 9,000 ቢቲዩ ይበቃው ነበር። ከቆርቆሮ ሥር ግን 12,000 ነው የሚያዋጣችሁ፤ አንድ ቶን ማለት ነው» አለ። ቢቲዩ የሚሉት የሙቀት መለኪያቸው ነው።

«አንድ ቶን?» አሉ አማቴ። «አሥር ኩንታል? ብሎኬቱ ሊችለው ነው?»

ባለሙያው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ነገሩ በእርግጥም ከክብደት የመጣ ነው። ፈረንጆቹ ድሮ የሚያቀዘቅዙት በበረዶ ነበርና፣ አንድ ቶን የሚሉት አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ፣ ማለትም 907 ኪሎ ግራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደውን ሙቀት ነው። ለሰዓት ሲካፈል 12,000 ቢቲዩ ይሆናል። አሥር ኩንታል ባይሞላ ዘጠኝ ነው እንግዲህ። ይህን ሳስረዳቸው አማቴ ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ውሃው የት ሊገባ ነው?» አሉኝ። ያኔ እኔም ሳቅሁ። ማሽኑ በተሰቀለ በሦስተኛው ቀን ከአየሩ የጨመቀው ውሃ የጎረቤት ግቢ ገብቶ ሽማግሌ አስቀመጠን። የማፍሰሻ ቱቦ ደብተሩ ላይ አልነበረችም።

ይህ ማሽን መጀመሪያውኑ ለሰው አልተሠራም። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1902 እ.ኤ.አ. የነደፈው ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ነው። አየሩ ሲረጥብ ወረቀቱ እየሰፋ ቀለሙ ቦታውን እየሳተ አስቸግሯቸው። ለወረቀት! እኛ ሀገርም ይኸው አይደል? ባለጉዳዩ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ሲጠበስ ማኅደሩ ጥላ ውስጥ ተኝቶ ያንኮራፋል።

የሸዋ ነገሥታት ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ድነዋል። ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ካባቸውን ደርበው ተቀምጠው፣ ገበያው ከሥራቸው አልዩ አምባ ላይ ይደራ ነበር። ላቡ የነጋዴው፣ ነፋሻው የንጉሡ። ኤሲያቸው ዳገቱ ነው፤ ብሬከር የለው፣ ጋዝ የለው። ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንስላቸዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ላይ ነው፣ እኛ 1,300 ግድም ላይ፤ አስሉት። ጋሼም በራሱ መንገድ አስልቶታል።

«ይሄንን ብርድ እኛ በነጻ ነው የምናገኘው፤ አንተ ገንዘብ አውጥተህ ገዛኸው!» አለና ጋቢውን ከፌስታሉ አውጥቶ እዚያው ኤሲው ሥር ተከናነበ።

አማቴ ደግሞ ከመደቡ ላይ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ይህችን ተረት ነፍሴ ነው የምትወዳት፤ በራሴ ላይ ስትነገር እንኳ ደስ ትለኛለች። ሦስት ቃል ናት፤ ግን ሰውየው ወለል ብሎ ይታየኛል። ጎተራው ሙሉ ነው፣ ሊጡ ቦክቷል፣ እሱ ግን ቁና ይዞ የጎረቤት በር ያንኳኳል። ዛሬ ቢሆን እኮ ሞኙ እሱ አይደለም! በዛሬ የምንጃር ጤፍ ዋጋ የሚያበድር ጎረቤት ያገኘ ሰው ቸገረውም አልቸገረውም ይበደር ባይ ነኝ። ለአማቴ ይህን አልነገርኳቸውም፤ ተረት የጀመረ ሽማግሌ አይቋረጥም።

ደብተሩ ጋ ነበርኩ። የማሽኑ ዋጋ አንዲት መስመር ናት፤ ደብተሩን የሚጨርሰው ሌላው ነው። ባለሙያው ያለ ኮርኒስ አልሰቅልም አለ፤ «እንዲሁ ከሰቀልኩት የምታቀዘቅዙት ሰማዩን ነው» ብሎ። ልክ ነው፤ ኮርኒሱ ግን የመጋረጃውንና የወንበር ልብሱን በጀት በላ። ከማሽኑ ጋር የመጣው የመዳብ ቧንቧ ሦስት ሜትር ነው፤ የውጭውን ክፍል ፀሐይ እንዳይመታው ከማንጎው ጥላ ሥር ለማድረግ ሰባት አስፈለገን። መዳብ በሜትር ሲሸጥ ወርቅ ያደርገዋል መሰለኝ። ከቆጣሪው ለብቻው የሚመጣ ገመድ፣ ብሬከር፣ ማታ ማታ መብራቱ ስለሚዋዥቅ ስታቢላይዘር፣ ማስቀመጫ ብረት፣ የባለሙያው ዋጋ፣ የረዳቱ ምሳ። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት የቧንቧው አየር በፓምፕ ተመጦ መውጣት አለበት ሲባል ሰምቼ ስለነበር ፓምፑ ጎን ቆሜ ሰዓት ያዝኩ። ከዚያ ፍጆታው አለ። በሰዓት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ በየሌሊቱ ለስድስት ሰዓት ያህል ሲሠራ፣ በወር 180 ኪሎ ዋት ሰዓት። ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው፤ ፍጆታህ ሲወጣ ዋጋውም አብሮህ ይወጣል። ስለዚህ ከ26 ዲግሪ በታች አይነካም ተብሎ ተወስኗል፤ ሪሞቱም ከባለቤቴ ትራስ ሥር ነው የሚያድረው።

ጋሼ ስለዚህ ሁሉ አንድ ነገር አልጠየቀም።

በዚህች «ተበልተሃል» በምትባል ቃል ያረጀ ቂም አለብኝ። በ2009 ዓ.ም. ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አንድ የመንዝ በግ ገዛሁ። እየጎተትኩ ስመጣ አበልጄ መንገድ ላይ አገኘኝ። ሰላም ሳይለኝ ሽንጡን ዳበሰ፣ ላቱን በመዳፉ መዘነ፣ ዋጋውን ጠየቀና «አዪዪ፣ ተበልተሃል!» አለኝ። ሚስቱን ይዞ ለፋሲካ ቤቴ መጣ። ያ አጥንት ብቻ ነው ያለው በግ ጥብሱ ሁለት ጊዜ ተጨመረለት፤ ሲሄድም ለልጆቹ ተቋጠረለት። የተበላሁስ ያን ዕለት ነው።

ቀልድ አይደለም፤ ክፉ ልማድ ነው። ኤሲውን ለመግዛት አዲስ አበባ ስሄድ ዋጋ ያውቃሉ የተባሉ አራት ሰዎች አብራችሁኝ ሂዱ ብዬ ለምኛለሁ። አንዱ ለቅሶ አለብኝ አለ፣ አንዱ ስልኩን አላነሳም፣ ሁለቱ ነገ ነገ እያሉ ሳምንት አስቀመጡኝ። ዕቃው ግድግዳ ላይ ሲወጣ አራቱም መጡ። አራቱም «ለኔ ብትነግረኝ ኖሮ በግማሽ ዋጋ አስመጣልህ ነበር» አሉ። ነግሬህ ነበር እኮ! ጎረቤታችን ደግሞ እንጀራ ሸጣ ባጠራቀመችው ለልጇ የትምህርት ቤት ቦርሳ ገዝታ፣ ከገበያ ቤቷ እስክትደርስ ሦስት ሰው «ተበልተሻል» ብሏት ስታለቅስ አይቻለሁ። ልጁ ቦርሳውን አዝሎ ያያታል። ብሯን አንድም የመለሰላት የለም፤ ደስታዋን ግን ሦስቱም ተካፍለው ሄዱ።

የት ደረስኩ? ጋሼ።

እሁድ ጠዋት መናኸሪያ ልሸኘው አብሬው ስወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። ኤሲውን ዞሮ አየው። ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ሙቀትም ይሰጣል የሚሉት እውነት ነው?»

«አዎ ጋሼ፤ ይሄኛው ሁለቱንም ይሠራል። ክረምት ላይ ሥራውን ይገለብጠዋል፤ ሙቀቱን ከውጭ እየለቀመ ወደ ውስጥ ያስገባል።»

«ደብረ ብርሃንም?»

«ደብረ ብርሃንም።»

ጋቢውን ወደ ፌስታሉ እያጣጠፈ ትንሽ ዝም አለ።

«እንግዲያው የባለሙያውን ስልክ ስጠኝ» አለ። «ግን አደራ፣ አንተ በገዛህበት ዋጋ እንዳይሆን።»

ዋጋውን እስካሁን አልነገርኩትም።