በሃርድ ነው የጨረስከው?

አገር ቤት ካለው የእህቴ ልጅ ጋር በስልክ ስናወራ ወሬው ዞሮ ዞሮ ጌም ላይ ያርፋል። አንድ ጌም ጨረስኩ ስለው ታሪኩ እንዴት ነው ብሎ አይጠይቀኝም። ቀድማ የምትመጣው ጥያቄ አንድ ናት። «ጋሼ፣ በሃርድ ነው የጨረስከው?» ጌም ሲጀመር ከሚመረጡት የክብደት ደረጃዎች፣ ከኢዚ (ቀላል)፣ ከኖርማል (መካከለኛ) እና ከሃርድ (ከባድ)፣ የትኛውን መረጥክ ማለቱ ነው። በኖርማል ነው ካልኩት ትንሽ ዝም ይላል። በእሱ ሂሳብ በኖርማል የጨረሰ ሰው ገና አልጨረሰም።

እዚህ ውጭ አገር ደግሞ አብሮኝ የሚሠራ ፈረንጅ አለ። እሱም ጌም ወዳድ ነው። አንድ ቀን ሳልጠይቀው «እኔ ሁሉንም በኢዚ ነው የምጫወተው» አለኝ። «ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ሰዓት ናት ያለችኝ። እሷንም አንድ ቦስ ላይ ስሞት ስነሳ እንድታልቅ አልፈልግም።» (ቦስ ማለት ካልተሸነፈ የማያሳልፍ ዋና ጠላት ነው።) ምንም አልከበደውም። የጫማ ቁጥሩን የሚነግረኝ ነው የሚመስለው።

ሁለቱም ጎበዝ ተጫዋቾች ናቸው። ግን ጌም ሲከፈት የሚመጣውን የመጀመሪያ ምርጫ አንዱ የወንድነት ፈተና አድርጎ ያየዋል፣ ሌላው በልኩ ያስተካክለዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «የኛ ሰው ኩራቱ ነው» ይላል። ኩራት የለም አልልም። ከኩራቱ በፊት ግን ሌላ ነገር አለ።

አገር ቤት ብዙዎቻችን ጌም የለመድነው ተሰብስበን ነው። አንድ ስክሪን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ከኋላ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ሰው። የተሸነፈ ይነሳል። እዚያ ውስጥ ክብደት ከሜኑ፣ ከምርጫ ዝርዝሩ፣ አይመጣም። ክብደቱ አጠገባችን የተቀመጠው ልጅ ነው። እሱ ጎበዝ ከሆነ ጨዋታው ይከብዳል፣ ጀማሪ ከሆነ ይቀላል። ከኮምፒውተር ጋር ብቻችንን ብንጫወት እንኳን የሚያይ ዓይን አይጠፋም። ኢዚ የመረጠ ሰው ከኋላው «ምን ነካህ፣ ከፍ አድርጋት እንጂ!» መባሉ አይቀርም።

ጌሙም ጥቂት ነው። አንዱ ለወራት ይበቃል ተብሎ ነው የሚያዘው። በኢዚ በሁለት ቀን ካለቀ በኋላስ ምን ሊጫወቱ ነው? ስለዚህ በኖርማል ይጀመራል፣ በሃርድ ይደገማል፣ ከዚያ በላይ ያለ ደረጃ ካለ እሱም ይሞከራል። የእህቴ ልጅ የሚወደው ጌም ላይ የትኛው ጠላት ከየትኛው በር እንደሚወጣ በቃሉ ያውቃል። ሃርድ ለእሱ ያለውን ማብቃቂያ ነው። ይህንን ሳላይ «ልጁ ጉረኛ ነው» ብል በደል ይሆንብኛል።

ውጭ አገር ነገሩ ይገለበጣል። መሣሪያው የራስ ነው። ጌሙ በቅናሽ ሰሞን ተገዝቶ ሳይከፈት ተከምሯል። የጠፋው ጊዜ ነው። ከሥራ ተመልሶ፣ የቤቱን ጣጣ ጨርሶ፣ ሶፋው ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሜኑው ኢዚ፣ ኖርማል፣ ሃርድ ብሎ ይጠይቀዋል። ከኋላው ማንም የለም። ኢዚ ቢመርጥ የሚያውቅበት የለም። ነጻነት ነው፣ እውነት ነው።

ግን ከኋላ ሰው አለመኖሩ ሌላም ነገር ይወስዳል። አገር ቤት አንዱ ቦስ አላሳልፍ ካለን ከኋላ እጅ ይዘረጋል። «ስጠኝ ላሳልፍልህ!» ጆይስቲኩን እንሰጣለን፣ እሱ ያሳልፈናል፣ መልሰን እንቀበላለን። ጨዋታው ይቀጥላል። ማንም ይህን ኢዚ ብሎ አይጠራውም። ማንም አያፍርበትም። እስኪ ልብ በሉ፣ ኢዚ የመረጠን ልጅ የሚያሾፍበት ያው ልጅ ነው እጁን ዘርግቶ የሚያሳልፈው። ሜኑው ላይ ያለው ኢዚ የሚሠራው እኮ ይህንኑ ሥራ ነው። ብቻውን ለተቀመጠ ሰው እጅ ይዘረጋል።

ይህንን ለእህቴ ልጅ ስነግረው አልተቀበለኝም። «እሱ እኮ ሌላ ነው፣ ያኛው ሰው ነው» አለኝ። ሰው መሆኑ ልዩነት አለው፣ እሺ። ግን የሚቀረፈው ችግር አንድ ነው።

ከድሮም ጀምሮ የጌም ክብደት ከችሎታ ጋር ብቻ የተያያዘ አልነበረም። በሳንቲም የሚሠሩት የድሮ ማሽኖች የሚከብዱት ሰው ቶሎ ተሸንፎ ሌላ ሳንቲም እንዲከት ነው። ቤት ውስጥ የምንጫወታቸው የድሮ ጌሞች ደግሞ ትንንሽ ነበሩ። ጎበዝ ሰው አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ቁጭታ ይጨርሰዋል። እንዳያልቅ የሚያደርገው ክብደቱ ነው። የእህቴ ልጅ በራሱ የደረሰበት ዘዴ ሠሪዎቹም የሚጠቀሙበት ነበር ማለት ነው።

ሠሪዎቹም ቢሆኑ ሁሉን አልቻሉም። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባል ጃፓናዊ፣ የጌም ድርጅቱ የኮናሚ ባለሙያ፣ ግራዲየስ የሚባለውን ጌም ከማሽን ወደ ቤት መጫወቻ ሲያዞር ጌሙ ከበደው። ወደ መጨረሻው ሄዶ መፈተሽ አለበት፣ ግን አይደርስም። ስለዚህ በጆይስቲኩ ላይ ተከታትለው ሲጫኑ መሣሪያውን ሁሉ የሚሰጡ ቁልፎችን ለራሱ አስቀመጠ። ጌሙ በ1986 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ ነው) ሲወጣ ያ ኮድ ውስጡ ቀረ። ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። ዛሬ ዓለም ሁሉ የኮናሚ ኮድ ይለዋል። ጌሙን የሠራው ሰው ራሱ ማሳለፊያ አስፈለገው። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ።

ደግሞ ኖርማል የሚባለውን ሁላችንም አንድ ዓይነት እንደሆነ አድርገን እንወስደዋለን። ዴቪል ሜይ ክራይ 3 በ2005 ሲወጣ ጃፓን ውስጥ ሃርድ የነበረው ክብደት ለአሜሪካ ገበያ ኖርማል ተብሎ ተሸጠ። ጃፓናዊው በኖርማል ጨረስኩ ሲልና አሜሪካዊው በኖርማል ጨረስኩ ሲል የተናገሩት ስለ ሁለት የተለያየ ጨዋታ ነበር። በዓመቱ በወጣው ልዩ እትም ተስተካከለ። እኔ ከዚህ የምይዘው ኖርማል ሌላ ሰው ለሌላ ሰው ለክቶ ያስቀመጠው መሆኑን ነው። ለሁሉም ልክ ሊሆን አይችልም።

ለኀፍረቱ ግን ሜኑዎቹም እጃቸው አለበት። ዎልፈንስታይን 3ዲ በ1992 ሲወጣ ቀላሉን ደረጃ «አባዬ፣ ልጫወት?» ብሎ ነበር የሰየመው። ጀግናውም የሕፃን ቆብ አድርጎ፣ ሕፃናት የሚጠቡትን ጎማ አፉ ውስጥ ከትቶ ይታያል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ዱም ቀላሉን ደረጃ «ለመሞት ገና ልጅ ነኝ» አለው። ያኔ የተጫወተው ትውልድ ገና ሳይጀምር ቀላል የሚመርጥ ሕፃን ነው ተብሎ ተነግሮታል። ስንት ሰው በዚያ ምክንያት የማይችለውን መርጦ፣ ተማርሮ፣ ጌሙን እንደዘጋው ሳስብ ያናድደኛል።

ከባድ ደረጃ ሁልጊዜ ብልህ ጠላት ማለት እንዳልሆነም የእህቴ ልጅ ቢሰማኝ ደስ ይለኛል። ከተማ እየቆረቆሩ አገር የሚገነቡበትን ሲቪላይዜሽንን እንውሰድ። ከመካከለኛው ደረጃ በላይ ስንወጣ ኮምፒውተሩ ከእኛ የተሻለ ማሰብ አይጀምርም። ተጨማሪ ሀብት ነው የሚሰጠው። በሲቪላይዜሽን 6 የመጨረሻው ደረጃ ላይ እኛ አንድ ከተማ የምንቆረቁርበትን ሰፋሪ ይዘን ስንጀምር ኮምፒውተሩ ሦስት ይዞ ይጀምራል። ብዙ የተኩስ ጌሞችም ያው ናቸው። የጠላት ዕድሜ ይጨምራል፣ የኛ ይቀንሳል፣ ጠላቱ ግን ያው በፊት የሚያስበውን ነው የሚያስበው። አሥር ጥይት ይበቃው የነበረው ሠላሳ ይፈልጋል። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ችሎታ መጠየቁን ግን እጠራጠራለሁ።

ሬዚደንት ኢቭል 4 ደግሞ በ2005 ሌላ መንገድ መጣ። ተጫዋቹ ሲበረታ ጠላቶቹ ያይላሉ፣ ደጋግሞ ሲሞት ይለዝባሉ፣ ቁጥራቸውም ሊቀንስ ይችላል። ይህ ሁሉ በድብቅ ነው፣ ስክሪኑ ላይ አንድም ነገር አይጻፍም። በኖርማል የጨረሱ ሁለት ጓደኛሞች የተጫወቱት ክብደት ሊለያይ ይችላል፣ አያውቁትም እንጂ። ሁለቱም በየፊናቸው ጎበዝ ነኝ ብለው ነው የሚወጡት።

ፈረንጁ ሁሉ እንደ ሥራ ባልደረባዬ ነው ማለቴ አይደለም። በ2019 ሴኪሮ ሲወጣ ያየሁት ክርክር የሰፈር ጠብ ነበር የሚመስለው። ጌሙ የክብደት ምርጫ የለውም። አንዱ ወገን ኢዚ ይጨመርበት አለ፣ ሌላው የማይችል ይተወው አለ። ሁለተኛው ወገን ሲናገር የእህቴን ልጅ ነው የሰማሁት፣ ልዩነቱ የሚያወራው በእንግሊዝኛ መሆኑ ብቻ ነው።

ሠሪው ፍሮም ሶፍትዌር ምርጫ አለማስገባቱን አከብራለሁ። የዳይሬክተሩ የሂዴታካ ሚያዛኪ ሥራዎች ሰው ደጋግሞ ወድቆ በራሱ ሲያልፍ የሚሰማውን ደስታ ነው የሚያልሙት። ሁሉም በአንድ ክብደት ሲያልፍ ደግሞ ሁሉም የሚያወራው ስለ አንድ ግድግዳ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2022 የወጣውን ኤልደን ሪንግ ግን በደንብ ላየው ሜኑ ባይኖረውም ማሳለፊያ ሞልቶታል። አንድ ቦስ እንቢ ካለ ትቶት ሌላ ቦታ ሄዶ መጠንከር ይቻላል። አብሮ የሚዋጋ መንፈስ መጥራት ይቻላል። ኢንተርኔት ላይ ያለ ሌላ ተጫዋች መጥራትም ይቻላል፤ የማያውቁት ሰው መጥቶ ቦሱን አብሮ ገጥሞ ይሄዳል። «ስጠኝ ላሳልፍልህ» እዚያም አለ።

ልቤን የነካው ግን በ2018 የወጣው ሴሌስት ነው። ተራራ ስለምትወጣ ልጅ ነው፣ ከባድ ነው፣ ጣት ያዝላል። ነገር ግን ለሚፈልግ የጨዋታውን ፍጥነት እስከ ግማሽ ማውረድ ይቻላል። የመንጠልጠያ ጉልበት እንዳያልቅ ማድረግ ይቻላል። ጭራሽ አለመሞትም ይቻላል። ማንም ቆብ አያስደርግም፣ ማንም ሕፃን አይልም። በ2020 የወጣው ሁለተኛው ላስት ኦቭ አስ ደግሞ ክብደቱን ይበታትነዋል። ጠላት ለብቻ፣ አጋር ለብቻ፣ መደበቅ ለብቻ፣ የሚገኘው ጥይትና መድኃኒት ለብቻ ይስተካከላል። ከዚህ ሌላ ማየት ወይም መስማት ለሚቸገር፣ እጁ እንደልብ ለማይታዘዘው ሰው የተዘጋጁ ከ60 በላይ ማስተካከያዎች አሉት። ዓይኑ የማያይ ሰው ያን ጌም እስከ መጨረሻው ሊጫወተው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው በሃርድ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ትርጉም አለው?

እኔ ራሴ አዲስ ጌም ስጀምር በኖርማል ነው የምገባው፣ ለመጀመሪያው ሰዓት ያህል። ከዚያ አንድ ነገር አያለሁ። ስሞት ለምን እንደሞትኩ ይገባኛል ወይ? ከገባኝ እቀጥላለሁ፣ መቶ ጊዜም ብሞት ግድ የለኝም። ካልገባኝ ዝቅ አደርጋለሁ። የሰጡኝን መሣሪያ ግማሹን ሳልነካ የማሸንፍ ከሆነ ደግሞ ከፍ አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም ጌሙን ግማሹን ብቻ እየተጫወትኩ ነው። ብዙ ጌሞች መሐል ላይ መቀየር ይፈቅዳሉ። የማይፈቅዱም አሉ። የ2018ቱ ጎድ ኦቭ ዎር ከፍተኛው ደረጃ አንዴ ከተጀመረ አይቀየርም፣ ዝቅ ለማድረግ ከመጀመሪያው መነሳት ግድ ነው። ስለዚህ ከመጫን በፊት ከሥሩ ያለችውን ጽሑፍ ማንበብ ይጠቅማል።

የቀረኝ ምኞት አብሮ ስለ መጫወት ነው። በ2017 የወጣው ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ላይ መኪናውን ከመንገድ እንዳይወጣ የሚይዝ ማስተካከያ አለ። ዋናው ነገር ለእያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው መብራትና መጥፋቱ ነው። ገና ጆይስቲክ መያዝ የጀመረች ልጅ አብርታው፣ ታላቅ ወንድሟ አጥፍቶት፣ በአንድ ውድድር ውስጥ እኩል ይሮጣሉ። ማብራቱ ዋጋም አለው። ከመንገድ የሚያስወጡ አንዳንድ አቋራጮች ይዘጋሉ፣ ስለዚህ ታላቋም የተበደለ አይመስለውም። ባሕር ማዶና አገር ቤት ሆነን በኢንተርኔት አብረን ለምንጫወት ቤተሰቦች እንዲህ ያለው ነገር በሌሎች ጌሞችም ቢበዛ ብዬ እመኛለሁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የኳስ ጌሞቹ ላይ፣ ምክንያቱም እኛ ስንገናኝ መጀመሪያ የምንከፍተው እነሱን ነው።