ለቅሶ የሌለበት ጉዞ

ኖርዌይ ውስጥ ሚኒባስ ነው የምነዳው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሥራው የቱሪስት ነው። አብዛኞቹ ፊዮርዱን፣ ማለትም በተራሮች መሃል ዘልቆ የገባውን ባሕር አይተው፣ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። አንዳንድ አሜሪካኖች ግን "የቅድመ አያታችንን ቤት አሳየን" ብለው ይመጣሉ። እነዚህኛዎቹ ወሬያቸው አያልቅም።

በቅርቡ ከሚኒሶታ የመጡ ሁለት ወንድማማቾችን ከእህታቸው ጋር ጫንኩ። ሦስቱም ጡረታ ወጥተዋል። ከበርገን ተነስተን፣ በቮስ በኩል ተራራውን ተሻግረን፣ ሶግኔፊዮርድ ዳር ያለችው ቪክ እስክንደርስ ሲጨቃጨቁ ነበር። ጭቅጭቁ ቅድመ አያታቸው ለምን ተሰደዱ የሚል ነው። ታላቅየው "ባለ እርሻ ነበሩ፤ ከወንድማቸው ተጣልተው ነው" ይላሉ። እህትየው የፍቅር ጣጣ ነው ባይ ናቸው። ትንሹ ደግሞ ከውትድርና ሽሽት ይላሉ። ሦስቱም ታሪኩን የሰሙት ከአንድ አባት ነው! አባትየው ለየልጃቸው የየራሱን አውርሰዋል ማለት ነው።

ቪክ ውስጥ ሆፐርስታድ የሚባል የእንጨት ቤተ ክርስቲያን አለ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ታላቅየው ዙሪያውን ዞረው አዩትና "የኛው ይሻላል" አሉ። ቀልድ አይደለም። ሚኒሶታ፣ ሙርሄድ ከተማ ውስጥ የዚሁ ቤተ ክርስቲያን ቅጂ ተሠርቶ ቆሟል። ምግቡም እንደዚያው ነው። እነሱ ለገና በአመድ ውሃ የተዘፈዘፈ ደረቅ ዓሣ ይበላሉ፤ የዚህ አገር ልጅ ዓርብ ማታ ታኮ የሚባለው የሜክሲኮ ምግብ ነው የሚያምረው። ዲያስፖራ የትም ዲያስፖራ ነው፤ አገሩን የተለያት ቀን ላይ ያቆማታል።

ከመቃብሩ ቦታ የቅድመ አያታቸውን አባት ሐውልት ፈልገው አጡ። እዚህ አገር የመቃብር ቦታ እንደ ኪራይ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ቤተሰብ ካልከፈለ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ትንሹ ወንድም ይህን ሲሰሙ ተናደዱ። ስንት ዓመት ሙሉ ማን ይክፈልላቸው?

ዋናው ነገር እርሻው ጋ ነበር። የሦስቱ የቤተሰብ ስም የእርሻው ስም ነው፤ ስለዚህ ዘመዶቻችን ጋ ደረስን ብለው ነው የወረዱት። ገበሬው አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ቡናና ኬክ አቅርቦ ላፕቶፑን ከፈተ። ኖርዌይ የድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦቿን በኢንተርኔት በነፃ ለቃቸዋለች። ማን ተወለደ፣ ማን ተጠመቀ፣ ማን አሜሪካ ሄደ፣ የቄሱ እጅ ጽሑፍ ይናገራል። (የእኔ አባት የተወለዱት "በጣሊያን ጊዜ" ነው። ከዚያ ያለፈ መዝገብ የለንም።)

መዝገቡ የሦስቱንም ታሪክ አፈረሰው። ሰውየው የጭሰኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸው በእርሻው ጥግ ጎጆ ቀልሰው፣ ለባለ መሬቱ ጉልበታቸውን እየከፈሉ ነው የኖሩት። ስሙም የባላባቱ ስም ነው። ያኔ ገጠር ውስጥ ሰው እንደ እኛ በአባቱ ስም ነበር የሚጠራው፤ የሚኖርበት እርሻ ስም ከኋላ ይቀጠልለታል። ቋሚ የቤተሰብ ስም በሕግ ግዴታ የሆነው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1923 ነው። አሜሪካ ሲገቡ የእርሻው ስም ተለጠፈባቸው፤ ቀረ።

ገበሬው ወደ ጎጆው ቦታ ወሰደን። የቀረው የመሠረቱ ድንጋይ ነው፤ መሃሉ ላይ በርች የሚባለው ዛፍ በቅሏል። ታላቅየው በእርምጃ ለኩት። አራት በአምስት። መዝገቡ እዚያ ውስጥ ስምንት ልጆች ተወለዱ ይላል። እህትየው "ፍቅር አልነበረም በለኛ" አሉኝ፣ እየሳቁ።

ከኖርዌይ መሬት የሚታረሰው 3 በመቶ ገደማ ነው። ጭሰኛ ምን ያድርግ? የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ በ1862 ባወጣው ሕግ ለሚያርስ ሰው 65 ሄክታር ገደማ ይሰጥ ነበር። (ሚኒሶታ ላይ መሬቱ ዳኮታ የሚባሉ ባለቤቶች ነበሩት፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።) ከ1825 ጀምሮ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ 800 ሺህ ያህል ኖርዌጂያን ባሕር ተሻገሩ። ከዚያ በ1969 ነዳጅ ተገኘ። የገበሬውን ቤት፣ መኪናና ትራክተር ያዩት ትንሹ ወንድም "አያታችን ቸኩለው ነው" አሉ። ያለፈለት የቀረው ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። ሻንጣቸውን በዓይኑ የለካ የለም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። የእነሱም ሰዎች ከአሜሪካ ደብዳቤ ይጽፉ፣ ለወንድምና ለእህት የመርከብ ትኬት ከፍለው ይልኩ ነበር። አራት ትውልድ ሲያልፍ ዕዳው ተረሳ። አሁን እንግዳ ናቸው፤ ኬክ በልተው ይሄዳሉ።

እኛ ገና መጀመሪያው ላይ ነን። አንዱ ወንድሜ ዳላስ ነው፤ ታናሽ እህቴ ሪያድ ናት። አገር ቤት የምንገባው በየተራ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ፣ ግማሹ የሰው ዕቃ። የስኳር መድኃኒት፣ የእገሌ ልጅ ስልክ፣ የጎረቤት ጫማ። አንዱ ሲሄድ ሌላው ሠርቶ ይልካል። ሦስታችንም አንድ ላይ የተገናኘነው ለአባታችን ለቅሶ ነው።

ሰዎቹን ሆቴል አድርሼ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ለወንድሜና ለእህቴ በዋትሳፕ ጻፍኩ። "ለጥምቀት ሦስታችንም አንድ ላይ አገር ቤት ብንገባስ?"

ከዳላስ ወዲያው መልስ መጣ። "ማን ሞተ?"

የሪያዷ ጭራሽ ደወለች፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ማንም እንዳልሞተ፣ እማዬም ደህና እንደሆነች ለማሳመን ብዙ ማልኩ። ስትረጋጋ ተቆጣች።

"ወንድም ጋሼ፣ ታዲያ ማንም ካልሞተ ይሄን ሁሉ ብር ለትኬት ምን አስጨረሰን? የእማዬን ጣሪያ አናስቀይርበትም?"