ወገኑን የገሠጸው ጠቅላይ ሚኒስትር

የኢንዶኔዥያ ነፃነት ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚጠራው የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ሱካርኖን ነው። ያ ጥቁር ቆብ፣ ያ አንደበት፣ ኢትዮጵያም የተካፈለችበት የ1955ቱ የባንዱንግ የእስያና አፍሪካ አገሮች ጉባኤ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ትንሽ ጠለቅ ብሎ ያነበበ ደግሞ ምክትሉን ሞሐመድ ሃታን ይጨምርበታል። የአገሪቱን የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሱታን ሻህሪርን ግን የሚያነሳ እምብዛም አይገኝም። ሥልጣን ሲይዝ ገና 36 ዓመቱ ነበር። ቁመቱ አጭር ስለነበር ወዳጆቹ «ትንሹ ወንድማችን» ይሉት ነበር።

ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብባል እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ቅኝ ገዢን መስደብማ በዚያ ዘመን ማን ያቅተዋል? ሻህሪር ደፍሮ የተናገረው ለገዛ ወገኑ ነው፤ ያውም ወገኑ ደሙ በፈላበት ሰዓት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገሪቱን ከሆላንድ ነጥቃ ይዛ የነበረችው ጃፓን በኦገስት 1945 እጅ ሰጠች። ኦገስት 17 ሱካርኖና ሃታ ነፃነት አወጁ። ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዝ ጦር ገባ፤ ከኋላው ሆላንድ ተመልሳ ለመግዛት አሰፍስፋለች። ወጣቱ የተሳለ ቀርከሃና ከጃፓኖች የነጠቀውን ጠመንጃ ይዞ ወጣ። ከወታደር ጋር ብቻ ቢዋጋ ደግ ነበር። የሆላንድ ክልሶችን፣ ቻይናዎችን፣ ለሆላንድ ወግነዋል የተባሉ የአምቦን ክርስቲያኖችን ጭምር ይገድል ጀመር። ብዙው ፖለቲከኛ አይቶ እንዳላየ አለፈ።

ሻህሪር ግን በኖቬምበር «ትግላችን» የተሰኘች አነስተኛ ጽሑፍ በተነ። ጃፓኖች ያስተማሯችሁ መሰለፍና ትእዛዝ መቀበልን ብቻ ነው አላቸው። የውጭ ሰውንና አናሳውን መጥላት ፋሺስቶችን እንጂ ነፃነትን አይጠቅምም አለ። ለጃፓን ያገለገሉ ፖለቲከኞችም ከትግሉ መሪነት ይገለሉ ሲል ጻፈ። ሱካርኖ ከጃፓኖች ጋር መሥራቱን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ስም መጥራት አላስፈለገም።

የሚገርመው፣ በዚያው ወር በ14ኛው ቀን ሻህሪር የሱካርኖ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ፍቅር አልነበረም፤ ስሌት ነው። አሸናፊዎቹ አገሮች ከጃፓን ጋር የሠራን ሰው ማነጋገር ይከብዳቸው ነበር። ሻህሪር የወረራውን ዘመን ያሳለፈው በድብቅ የውጭ ሬዲዮ እያዳመጠና ወጣቶችን እያደራጀ ነው። እጁ ንጹሕ ነበር።

የሰውዬውን ጠባይ ለማየት ግን ወደ ባንዳ ኔይራ ደሴት መሄድ ይሻላል። የሆላንድ አስተዳደር በ1934 አሰረው። መጀመሪያ በኒው ጊኒ ጫካ ወዳለው የቦቨን ዲጉል ማጎሪያ ላከው። በ1936 ደግሞ ከሃታ ጋር ወደዚህች የገውዝ ደሴት አዛወረው። ሃታ መጽሐፎቹን በሣጥን በሣጥን አስጭኖ የመጣ፣ ሰዓቱ ዝንፍ የማይል ሰው ነው። ሻህሪር የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ያስተምራል፣ አብሯቸው ባሕር ይወርዳል፣ ጥቂቶቹንም እንደ አብራኩ ክፋይ ያሳድጋል። በ1942 መጀመሪያ ጃፓን ስትቃረብ እስረኞቹን ወደ ጃቫ የሚወስድ የባሕር አውሮፕላን መጣ። ቦታው ጠባብ ነው። ልጆቹ ይጫኑ ወይስ መጽሐፎቹ? ሻህሪር ልጆቹ ይሂዱ ብሎ ድርቅ አለ። ሦስት ልጆች ተሳፈሩ፤ የሃታ ሣጥኖች እዚያው ቀሩ። የሃታን ፊት ባየሁት እያልኩ አንዳንዴ እስቃለሁ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን መንገዱ ድርድር ነበር። በ1946፣ የሆላንድ ባሕር ኃይል ወደቦቹን ዘግቶ ሳለ፣ ለተራበችው ህንድ 500,000 ቶን ሩዝ ልስጥ አለ። አዲስ ሪፐብሊክ ነኝ ለማለት ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላውቅም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ ሊንጋጃቲ በተባለች የተራራ መንደር፣ ሪፐብሊኩ ጃቫን፣ ማዱራንና ሱማትራን እንደሚያስተዳድር ሆላንድን አሳመነ። አገር ቤት ግን «ሸጠን» ተባለ። ቀደም ሲል በጁን መቶ በመቶ ነፃነት ካልሆነ ያሉ ተቃዋሚዎች ሱራካርታ ላይ በሌሊት ጠልፈውት ነበር። ሱካርኖ በሬዲዮ ልቀቁት ብሎ ነው የተረፈው።

በጁን 1947 የራሱ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ሲከዱት ሥልጣኑን ለቀቀ። በጁላይ ሆላንድ ስምምነቱን አፍርሳ ወረረች። ቢጁ ፓትናይክ የሚባል ህንዳዊ አብራሪ ሻህሪርን ከጃቫ አውጥቶ ዴልሂ አደረሰው። ኦገስት 14 ኒው ዮርክ አጠገብ፣ ሌክ ሰክሰስ፣ የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቆሞ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ሆላንድ «የቤቴ ጉዳይ ነው» ብትል የሚሰማት ጠፋ።

ድክመቱን ብዘለው አድልዎ ይሆንብኛል። በ1948 የመሠረተው የሶሻሊስት ፓርቲ የምሁራን ማኅበር ነበር ቢባል ያስኬዳል። ጥቂት ሰው በደንብ ማሠልጠን እንጂ ገበሬውን በየመንደሩ መቀስቀስ አልሆነለትም። ሱካርኖ አደባባይ ሲሞላ የሻህሪር ሰዎች ሳሎን ውስጥ ይከራከራሉ። በ1955ቱ ምርጫ ያገኙት 2 በመቶ ድምፅ ነው፤ ከ257 ወንበር 5ቱን። እዚህ ላይ ሕዝቡን መውቀስ አይቻልም። እውነት ይዣለሁ የሚል ሰው ቤት ለቤት ዞሮ መናገርም አለበት።

ፓርቲው በ1960 ታገደ። በጃንዋሪ 1962 ሻህሪር በሴራ ተጠርጥሮ ታሰረ። እስር ቤት እያለ ደም አንጎሉ ውስጥ ፈሶ አንደበቱ ተዘጋ። በ1965 ለሕክምና ዙሪክ እንዲሄድ ተፈቀደለት፤ ኤፕሪል 9 ቀን 1966 በ57 ዓመቱ እዚያው ሞተ። በዚያው ዕለት ሱካርኖ ብሔራዊ ጀግና ብሎ ሰየመው። አስከሬኑ ጃካርታ በክብር ተቀበረ።

ሃታ በቀብሩ ላይ አልሸፋፈነም። ይህ ሰው ለነፃይቱ ኢንዶኔዥያ ታገለ፣ ለእርሷ ሲል በግዞት ተንገላታ፣ በእርሷም እስር ታምሞ ሞተ አለ። የልጆቹ ነገር መጽሐፍ ያስጣለው ያ ጓደኛው ነው ይህን የተናገረው። ያሰረው መንግሥትና ጀግና ያለው መንግሥት አንድ ነው፤ መሪውም ያው ሱካርኖ። ያሰሩበትን ክስ ግን አንድም ዳኛ አልሰማውም።