ሰው እስኪሞት ምን ያስጠብቃል?

ዛሬ ስለ ቤዝቦል ልጽፍ ነው። ጨዋታውን የማትከታተሉም ብትሆኑ ታገሱኝ፣ ብሶቴ ይገባችኋል።

ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ኩፐርስታውን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የቤዝቦል የዝና አዳራሽ እዚያ ነው። ከ1936 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ታላላቅ ተጫዋቾች ይመረጡና ምስላቸው በነሐስ ተቀርጾ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ለአንድ ተጫዋች ከዚህ በላይ ክብር የለም። ታኅሣሥና ጥር በመጣ ቁጥር እዚህ አሜሪካ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለው ክርክር አያባራም። ሥራ ቦታ እሱ፣ ሬዲዮ ላይ እሱ፣ ስልክ ስትከፍት እሱ። ሰዉ በአበረታች መድኃኒት ስለሚጠረጠረው ተጫዋች ስለ ባሪ ቦንድስ ይጨቃጨቃል። ይጨቃጨቅ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በቁማቸው በሩ የተዘጋባቸው ሰዎች ከሞቱ በኋላ ይከፈትላቸዋል።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ድምፅ የሚሰጡት የቤዝቦል ጋዜጠኞች ናቸው። 75 በመቶ ያገኘ ይገባል። በእነሱ በኩል ያልሆነለት ደግሞ ዓመታት ቆይቶ 16 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። እዚያ 12 ድምፅ ያስፈልጋል። ስብሰባው ዝግ ነው። ማን ለማን እንደሰጠ አይነገርም።

ዲክ አለንን እንውሰድ። በ1964 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ነበር። በ1972 ከሁለቱ ትልልቅ ሊጎች አንዱ የሆነው የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። 351 ሆም ረን መትቷል፤ ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጪ አሳልፎ መምታት ማለት ነው። ፊላደልፊያ ሲጫወት የገዛ ቡድኑ ደጋፊዎች ዕቃ ይወረውሩበት ስለነበር፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ኳስ ሲጠብቅ እንኳ የራስ ቁሩን አያወልቅም ነበር። ጥቁር በመሆኑ ያየውን መከራ የሚያውቅ ያውቀዋል። በ2014 ኮሚቴው ፊት ቀረበ፤ 11 ድምፅ አገኘ። አንድ ጎደለው። ቀጣዩ ስብሰባ በታኅሣሥ 2020 ሊሆን ነበር፣ በኮቪድ ምክንያት ለአንድ ዓመት ተላለፈ። ዲክ አለን በዚያው ወር ሞተ። በ2021 ሲሰበሰቡ አሁንም 11። አሁንም አንድ ጎደለ! በመጨረሻ በታኅሣሥ 2024 በ13 ድምፅ መረጡት።

ቆይ፣ ከ2014 እስከ 2024 ምን ተለወጠ? ሰውየው አንድ ሆም ረን ጨመረ? መጨረሻ የተጫወተው በ1977 ነው እኮ! መዝገቡ ያው ነው። የተጨመረ ነገር ቢኖር ሞቱ ብቻ ነው። በመግቢያው ሥነ ሥርዓት መድረኩ ላይ ወጥታ ስለ እሱ የተናገረችው ባለቤቱ ናት።

ከእሱ ጋር አብሮ የተመረጠው ዴቭ ፓርከር ነበር። የሌላኛው ሊግ፣ የናሽናል ሊግ የ1978 ኮከብ ተጫዋች። ጋዜጠኞቹ 15 ዓመት ሙሉ አሳልፈውታል። ፓርኪንሰን ይዞት ነበር። ቢዘገይም በሕይወት እያለ መመረጡን ሰማ ብለን ደስ አለን። ሥነ ሥርዓቱ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው፣ ሰኔ 2025 ላይ ሞተ። መድረኩ ላይ የቆመው ልጁ ነው።

የቺካጎ ከብስ ሮን ሳንቶም እንዲሁ። ዕድሜ ልኩን ከስኳር በሽታ ጋር እየታገለ የተጫወተ፣ በኋላ ሁለት እግሮቹን የተነጠቀ ሰው ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር በተስፋ ሲጠብቅ ኖሮ በታኅሣሥ 2010 ሞተ። በታኅሣሥ 2011 ከ16 ድምፅ 15 ሰጡት። በአንድ ዓመት! የት ነበራችሁ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ከሁሉ ግን አንጀቴን የሚበላው ባክ ኦኒል ነው። ጥቁሮች ከነጮቹ ሊግ ተለይተው በሚጫወቱበት ዘመን የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ተጫዋችና አሠልጣኝ ነበር። በ1962 በትልቁ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር የአሠልጣኞች ቡድን አባል ሆነ። የዚያን ዘመን ተጫዋቾች ታሪክ እንዳይረሳ ሙዚየም እንዲቋቋም የለፋ፣ በየከተማው እየዞረ ስማቸውን የጠራ ሰው ነው። በ2006 ልዩ ኮሚቴ ተሰበሰበና ከዚያ ዘመን 17 ሰዎች መረጠ። አሥራ ሰባቱም የሞቱ ናቸው። ከዕጩዎቹ በሕይወት የነበሩት ሁለት ሰዎች፣ ባክ ኦኒልና ሚኒ ሚኞሶ ነበሩ። ሁለቱንም አስቀሯቸው። ሁለቱንም!

ባክ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በ94 ዓመቱ ኩፐርስታውን ሄደ። ስለ አሥራ ሰባቱ ሙታን ቆሞ ተናገረ። ቅሬታ የለ፣ ምሬት የለ። እዚያ የተሰበሰበውን ሁሉ እጅ ለእጅ አያይዞ አዘመረ። ያን ቪዲዮ አይታችሁ እንባችሁን ከያዛችሁ ጠንካራ ናችሁ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አረፈ። በ2021 መረጡት። ሚኞሶንም በ2021፣ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ መረጡት።

ይህን ስል የሥራ ባልደረቦቼ "አጋጣሚ ነው፣ ማንም የሰው ሞት አይጠብቅም" ይሉኛል። እርግጥ ተጫዋቾቹ ቶኒ ኦሊቫና ጂም ካት በ83 ዓመታቸው በሕይወት እያሉ ተመርጠዋል። ኮሚቴው ክፉ ነው አላልኩም። አሠራሩ ግን ሰው ይፈጃል። አንዱ መራጭ ከስምንት ዕጩ ከሦስት በላይ መምረጥ አይችልም። 16 ሰው ሦስት ሦስት ቢሰጥ 48 ድምፅ ነው። ሁሉም ተስማምተው ቢሰጡ እንኳ ከአራት ሰው በላይ አይገባም። ስለዚህ የሚገባው ሰው አንድ ድምፅ ይጎድለዋል፣ በቀጣዩ ይደርሳል ይባላል፣ ቀጣዩ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሽማግሌ ሦስት ዓመት ጠብቅ ይባላል?

አሁን ደግሞ ሉ ዊቴከርን እያየሁ ነው የምብሰለሰለው። ከ1977 እስከ 1995 ለዲትሮይት ቡድን ብቻ ተጫወተ። 2,369 ሂት (የተሳካ ምት)፣ 244 ሆም ረን፣ ያውም ብዙ ሆም ረን በማይጠበቅበት የሁለተኛ ቤዝ ተከላካይነት ቦታ ላይ። ጎን ለጎን የቆመው አለን ትራመል ነበር፤ ሁለቱ አብረው 1,918 ጨዋታ ተጫውተዋል። ጋዜጠኞቹ በ2001 ለዊቴከር የሰጡት 2.9 በመቶ ነው። ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ስሙ ይሰረዛል፣ በመጀመሪያው ዓመት አለቀለት። ትራመል በ2018 ሲገባ መድረኩ ላይ ቆሞ ጓደኛውም አንድ ቀን እዚያ እንዲቆም ተመኘለት። ኮሚቴው ፊት የቀረበው በ2019 ነበር፣ 6 ድምፅ ሰጡት። ከዚያ በኋላ በ2022ም በ2025ም ከስምንቱ ዕጩዎች ውስጥ እንኳ ስሙ የለም።

ከ1980 ወዲህ የተጫወቱትን የሚያየው ኮሚቴ ቀጥሎ የሚሰበሰበው በታኅሣሥ 2028 ነው። ዊቴከር ያኔ 71 ዓመቱ ነው፣ እግዜር ያቆየው። ስሙን ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡት። አሥራ ሁለት ድምፅ ስጡት። ትራመል ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየው፣ ንግግሩን ራሱ ያድርግ።