ኮዱ በነጻ፣ ጭቅጭቁ በምርቃት

ገንዘብ የሌለበት ነገር አያጣላም የሚል ሰው ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሲስተም የሚሠሩትን ዴቨሎፐሮች አያውቅም ማለት ነው። እዚያ ውርስ የለ፣ ድንበር የለ፣ ለብዙዎቹ ደመወዝ እንኳ የለ። ግን ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡና "የትኛው የኮድ መጻፊያ ኤዲተር ይሻላል?" ብላችሁ በሩን ዘግታችሁ ሂዱ። ስትመለሱ እዚያው ናቸው። አንዱ ቪአይ ይላል፣ ሌላው ኢማክስ ይላል። ሁለቱም ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. በ1976 የተወለዱ ናቸው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የሰው ልጅ ስንት ነገር ፈጠረ፣ እነሱ ገና "ፋይሉን በምን እንክፈተው?" ላይ ናቸው።

ቸር ሰዎች ናቸው፣ ይህን መካድ ግፍ ነው። እንቅልፍ አጥተው የጻፉትን ኮድ "ውሰዱት፣ እንደፈለጋችሁ ቀይሩት፣ ለሌላም ስጡት" ብለው ይለቁታል። እኔ ቻርጀሬን እንኳ እንዲህ አላውስም። የሚሰስቱት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ልክ ነህ" የምትለዋን።

ጠባዩ ከልጅነት የመጣ ነው። ሊኑክስ ገና ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ1992 መጀመሪያ ላይ፣ ፕሮፌሰር አንድሪው ታነንባውም ተነሡና "ይሄ ነገር ጊዜው ያለፈበት ነው" አሉ። ሚኒክስ የሚባለውን ሲስተም ለማስተማሪያ የሠሩ ሰው ናቸው። ጥፋቱ ምንድን ነው ቢባል፣ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ሁሉንም ሥራ አንድ ላይ አጭቆ መያዙ ነው። እሳቸው ደግሞ ከርነል ትንሽ መሆን አለበት፣ ሌላው ሥራ ውጭ ይሠራ ባይ ናቸው። እንዲያውም ተማሪዬ ብትሆን ኖሮ በዚህ ሥራ ጥሩ ማርክ አታገኝም ነበር አሉት። የ22 ዓመቱ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም አንገቱን ደፍቶ "እሺ መምህር" አላለም። ጊዜ ያለፈበት የተባለው ከርነል ዛሬ በእያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ። ሚኒክስም ባዶ እጁን አልቀረም። ኢንቴል የኮምፒውተር ቺፖቹ ውስጥ ለሚሠራ ስውር ተቆጣጣሪ እንደተጠቀመበት በ2017 ታወቀ። ሁለቱ ሲፋለሙባቸው የነበሩት ሲስተሞች ብዙ ቦታ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ተዳብለው ይኖራሉ። እነሱ አልተጣሉም።

ጭቅጭቅን በሕግ ያደራጀው ግን ዴቢያን ነው፤ ሊኑክስን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አዘጋጅቶ በነጻ የሚያድል ፕሮጀክት። ኢያን መርዶክ በ1993 ሲጀምረው ስሙን ከፍቅረኛው ከዴብራና ከራሱ ስም ገጣጥሞ አወጣው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ያለ ክርክር ያለፈ የመጨረሻው ውሳኔ ይኼ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ የሚከራከር አባል አልነበረማ! ዛሬ በየአገሩ የተበተኑ ሺህ ገደማ ዴቨሎፐሮች አሉት። ሕገ መንግሥት አላቸው። ቀልዴን አይደለም፣ በ1998 የጸደቀ ሕገ መንግሥት። በየዓመቱ መሪ ይመርጣሉ። ሕጉ ውስጥ ካሉት ነገሮች ግን እኔን የገረመኝ ማንም ሰው ሥራ እንዲሠራ አይገደድም የሚለው ነው። ሥራው ተመድቦለት እንኳ ካልፈለገ አይሠራውም። መሪው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ያው ነው።

እስቲ አስቡት። ማዘዝ አይቻልም። ደመወዝ መቁረጥ አይቻልም፣ የሚቆረጥ የለም። የቀረው ማሳመን ብቻ ነው። ሰው ደግሞ እንደምታውቁት ብዙ ጊዜ የሚያምነው ሲደክመው ነው። እነዚህ ግን አይደክማቸውም።

ትልቁ ጦርነት የፈነዳው ኮምፒውተር ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም ማን ይሁን በሚል ነው። ቁጥሩ 1 ነው፤ ሌሎቹን ሁሉ ቀስቅሶ ሥራ የሚያስጀምረው እሱ ነው። ለብዙ ዓመታት ወንበሩ ላይ የነበረው ሲስቪኢኒት የሚባል ሽማግሌ ነው። በ2010 ሲስተምዲ መጣ። ደጋፊዎቹ "ፈጣን ነው፣ ብዙ ነገር ያውቃል" አሉ። ጠላቶቹም የከሰሱት በዚሁ ነው፤ ብዙ ነገር ያውቃል። ማስነሣት ብቻ መስሏቸው ነበር። ሎጉን (የክንውን መዝገቡን) ያዘ፣ የተጠቃሚውን መግባትና መውጣት ያዘ፣ ኔትወርኩንም "እስቲ ላግዛችሁ" አለ። አንዱ ወገን "አንድ ፕሮግራም አንድ ሥራ፣ እሱንም በደንብ" የሚለውን የዩኒክስ ልማድ እየጠቀሰ ይሞግታል። ሌላው "ከ1980ዎቹ ውጡ!" ይለዋል። አብዛኛው ተጠቃሚ እኮ ኮምፒውተሩ ይከፈትለት እንጂ ማን እንደከፈተው ጠይቆ አያውቅም።

ጉዳዩ ለዴቢያን የቴክኒክ ኮሚቴ ቀረበ። የኮሚቴው አባላት 8 ነበሩ። ስምንት! ድምፅ የሚሰጥ ኮሚቴ ጎዶሎ ቁጥር ቢሆን እንደሚሻል ለመረዳት ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። እንደተፈራውም 4 ለ4 ተከፈሉ። በፌብሩዋሪ 2014 ሰብሳቢው በነበራቸው ተጨማሪ ድምፅ ወደ ሲስተምዲ ወሰዱትና ተቋጨ።

ተቋጨ ስል ግን አትመኑኝ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ነገሩ ለጠቅላላ ውሳኔ፣ ማለትም ለመላው አባላት ድምፅ፣ ቀረበ። የሌሎች ፕሮግራሞች ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀው ጥቅል) ያለ ሲስተምዲ አልንቀሳቀስም ማለት ይፈቀድለት ወይስ አይፈቀድለት? ድምፅ የሚሰጡት በኮንዶርሴ ዘዴ ነው፤ ኮንዶርሴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። አማራጮቹን በሙሉ በደረጃ ታሰልፋቸዋለህ። የሚመቸው ነገር፣ የምትጠላቸውንም የትኛውን ከየትኛው አብልጠህ እንደምትጠላ መግለጽ መቻልህ ነው። ተሟገቱ፣ ተዘላለፉ፣ ከኃላፊነት የለቀቀም ነበር። ድምፁ ተቆጠረ። ያሸነፈው አማራጭ ምን ይላል መሰላችሁ? "በዚህ ጉዳይ ላይ ጠቅላላ ውሳኔ ማሳለፍ አያስፈልግም።" ይህንንም ያሉት ጠቅላላ ውሳኔ አሳልፈው ነው።

የተሸነፉት አኩርፈው አልቀሩም። ነጻ ሶፍትዌር ላይ ፎርክ የሚባል ነገር አለ። ባልና ሚስት ሲፋቱ ቤቱን እንደ ፋይል ኮፒ አድርጎ ሁለቱም ሙሉ ቤት ይዘው እንደ መውጣት ነው። ከዴቢያን ወጥተው ሲስተምዲ የማይገባበትን ዴቩዋንን መሠረቱ። የመጀመሪያው የተረጋጋ ቅጂ በ2017 ወጣ። እስከ ዛሬ አለ፣ ተጠቃሚም አለው። አብዛኛው ፓኬጅ የሚመጣው ከዚያው ከዴቢያን ነው።

ከሰው ቤት ጋርም ይጣላሉ። በ2006 የፋየርፎክስ ብራውዘር ባለቤት ሞዚላ "ያለ እኛ ፈቃድ ኮዱን ቀይራችሁ ፋየርፎክስ ብላችሁ መጥራት አትችሉም" አለ። ዴቢያኖችም ስማችሁን ያዙት አሉና ብራውዘሩን አይስዊዝል አሉት። በእሳት ፋንታ በረዶ፣ በቀበሮ ፋንታ ሌላ አውሬ። ያው ብራውዘር ነው እኮ! እርቁ የወረደው በ2016 ነው። በዚህ መሃል ስንቱ ምስኪን አዲስ ተጠቃሚ ፋየርፎክስን ሲፈልግ ከማያውቀው አውሬ ጋር እንደተፋጠጠ ፈጣሪ ይወቀው።

የፈርምዌሩ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ብዙ የዋይፋይ ካርዶች የሚሠሩት ካምፓኒው ኮዱን በደበቀው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ፈርምዌር የሚሉት እሱን ነው። ዴቢያን ደግሞ ሲስተሙ ነጻ ሆኖ እንደሚኖር በ1997 ቃል ገብቷል። ስለዚህ ያ ፕሮግራም በዋናው የመጫኛ ዲስክ ላይ አይገባም ነበር። አዲስ ላፕቶፕ ገዝተህ ዴቢያን ትጭናለህ። ዋይፋይ የለም። ዋይፋዩን የሚያስነሣው ፋይል ኢንተርኔት ላይ አለ። ኢንተርኔት ለመግባት ዋይፋይ ያስፈልጋል። መርሕ ማለት ይኼ ነው፤ ነጻነትህ ተከብሮልሃል፣ የትም ግን አትገባም። በ2022 ድምፅ ሰጡና ፈቀዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሩን ይዞ መጣ። በበኩሌ ዘገዩ እላለሁ። የመርሕ ሰው ግን ቢያንስ አንድ ቦታ መኖሩ ደስ ይለኛል፣ ላፕቶፑ የእኔ ካልሆነ።

የኮድ መስመር መግቢያው በታብ ይሁን በስፔስ ስለሚለው ብዙ አልናገርም፣ ሰው ያጣላል። የሊኑክስ ከርነል የአጻጻፍ መመሪያ ታብ የ8 ፊደል ስፋት ነው ይላል፤ 4 ይሁን ማለትን የሒሳቡን ፓይ 3 ነው ብሎ ከመደንገግ ጋር ያመሳስለዋል። አንድ መስመር ከ80 ፊደል አይብለጥ የሚለው ልማድም አይቢኤም በ1928 ካወጣው ባለ 80 ዓምድ ካርድ (እየተበሳ መረጃ ከሚያዝበት ወረቀት) ጋር የተዛመደ ነው። ከርነሉ ላይ ወደ 100 የላላው በ2020 ነው። ሰፊ ስክሪን በየጠረጴዛው ተገትሮ ሰዎቹ ከወረቀት ካርድ ጋር ይደራደሩ ነበር።

ዴቢያን ውስጥ ለብዙ ዓመታት በጠቅላላ ውሳኔዎች ድምፅ መስጫ ላይ "ተጨማሪ ውይይት" የሚል ቋሚ አማራጭ ነበር። ሁሉም ሐሳብ ከእሱ በልጦ መገኘት አለበት፣ አለዚያ ይወድቃል። በ2022 መጀመሪያ ላይ የውሳኔ አሰጣጡን ደንብ ሲያሻሽሉ ይህ አማራጭ ቀረና "ከላይ ካሉት አንዱም አይሆንም" የሚል ተተካ። ማሻሻያውን ያጸደቁት በድምፅ ነው። ድምፅ መስጫው ላይ ከተዘረዘሩት አማራጮች አንዱ "ተጨማሪ ውይይት" ነበር።