እናቶችን የጠየቁት ሐኪም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ በሰፈራችን ክሊኒክ በዝቷል። ደስ ይላል። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ራጅ መሀል ከተማ ድረስ ታክሲ እየቀያየርን እንሄድ ነበር። አሁን ከብሎካችን ወርደን፣ መንገድ ተሻግረን፣ ተነስተን እንመለሳለን።

ባለፈው ዓመት የወንድሜን ሚስት ሳል አልለቅ አላት። ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ የደረት ራጅ አዘዘላት። ራጅ የሚያነሳው ልጅ ጨዋ ነው። "ሐብልሽን አውልቂ፣ ትንፋሽሽን ያዢ" አላት። በሁለት ደቂቃ አለቀ። ከሳምንት በኋላ የሁለት ወር እርጉዝ መሆኗን አወቀች።

ያን ቀን ማታ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ሌላ ቦታ ያማከርናት የማህፀን ሐኪም ግን አረጋጋችን። ደረት ሲነሳ ፅንሱ ጋ የሚደርሰው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው፣ አትጨነቁ አለችን። ልጁ ተወለደ። ጤነኛ ነው፣ አሁን ይድሃል። እኔን ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም። እርጉዝ ነሽ ወይ ብሎ ማንም አልጠየቃትም። ብትጠየቅ ኖሮ "ወር አበባዬ ዘግይቷል" ትል ነበር።

ይህች ጥያቄ በዓለም ሆስፒታሎች እንድትጠየቅ ብዙ የደከሙ ሰው አሉ። ዶክተር አሊስ ስቱዋርት ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ተወለዱ። እናታቸውም አባታቸውም ሐኪሞች ነበሩ። በ1950ዎቹ ኦክስፎርድ ሲሠሩ በደም ካንሰር የሚሞቱ ሕፃናት እየበዙ መጡ። ምክንያቱ አልታወቀም። እሳቸው እናቶቹን እንጠይቅ አሉ። ለጥናቱ ያገኙት ገንዘብ 1,000 ፓውንድ ብቻ ነበር። መጠይቁን በየአካባቢው ላሉ የጤና ቢሮዎች አከፋፈሉ። ልጃቸው በካንሰር የሞተባቸውም፣ ልጃቸው በጤና ያለላቸውም እናቶች አንድ ዓይነት ነገር ተጠየቁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በእርግዝና ጊዜ ራጅ ተነስተሽ ነበር ወይ የሚል ነበር።

ልጃቸውን ካጡት እናቶች መካከል ሆዳቸውን ራጅ የተነሱት ከሌሎቹ እጥፍ ገደማ ሆነው ተገኙ። በ1956 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አጭር ደብዳቤ አወጡ። ሙሉው ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ ታተመ።

ነገሩን ማጋነን አልፈልግም። የሕፃናት ካንሰር ብዙም የማያጋጥም በሽታ ነው፤ እጥፍ ሆኖም ጥቂት ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ፎቶ የሚለቀቀው ጨረርም ከዛሬው በብዙ ይበልጥ ነበር። የፅንሱን አቀማመጥና የእናትየዋን ዳሌ ስፋት ለማየት ሆዷ በቀጥታ ይነሳ ነበር። ዛሬ ፅንሱን የምናየው በአልትራሳውንድ ነው። እሱ ደግሞ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ስለሆነ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም።

የሙያ ባልደረቦቻቸው ግን ቶሎ አልተቀበሏቸውም። አንዱ መከራከሪያ እናቶቹን የሚነካ ነበር። ልጇ የሞተባት እናት ምክንያት ስትፈልግ ትዝታዋን ትቆፍራለች፣ ራጁንም የምታስታውሰው ለዚህ ነው ተባለ። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ እያንዳንዳችን ኩፍኝ የወጣብን በየትኛው ክረምት እንደሆነ ዛሬም ትናገራለች። በ1962 የሃርቫርዱ ብራያን ማክማሆን በትዝታ ፋንታ የሆስፒታል መዝገብ አገላበጡ። ማህፀን ውስጥ ሳሉ ራጅ የነካቸው ልጆች በካንሰር የመሞት ዕድላቸው በ40 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ቁጥሩ ዝቅ ቢልም የአሊስን ነገር የሚደግፍ ነው። እንዲያም ሆኖ የእርጉዝን ሆድ ራጅ የማንሳቱ ልማድ እስኪቀር ብዙ ዓመት ፈጀ።

አሊስ በዚህ አላበቁም። ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የአሜሪካውን የሃንፎርድ ፋብሪካ ሠራተኞች ጤና ማጥናት ጀመሩ። ናጋሳኪ ላይ ለተጣለው ቦምብ ፕሉቶኒየም የተመረተው እዚያ ነው። ዝቅተኛ የተባለው ጨረርም ሠራተኞቹን ጎድቷል አሉ። በዚህም ሌላ ሙግት ተነሳባቸው። በ2002 በ95 ዓመታቸው አረፉ።

እኛም አገር የጨረራ መከላከያ አዋጅ ከወጣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ማሽን ይፈተሻል፣ ፈቃድ ይሰጣል። ጥያቄዋን የሚጠይቀው ግን ማሽኑ አይደለም። የሰፈራችንን ራጅ አንሺ ለምን እንደማይጠይቅ ጠየቅኩት። "ያላገባች ልጅን እናቷ ፊት እርጉዝ ነሽ ወይ ብላት እንደ ስድብ ነው የሚቆጠረው" አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ራሴ አጠገቧ ቆሜ ስለነበር የወንድሜን ሚስትም ለመጠየቅ አፍሮ ይሆናል። ስለዚህ ለመውለድ ዕድሜ የደረሰች ሴት ሁሉ ብቻዋን፣ በሩ ተዘግቶ፣ "የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?" ትባል። ሁሉም ከተጠየቀች ማንም አትሰደብም። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። እኛ ሰፈር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መጻፍ አለበት።

እርጉዝ ናት ማለት ራጅ ክልክል ነው ማለት አይደለም። ቲቢ የምትጠረጠር እርጉዝ ሳትመረመር ብትቀር ለእሷም ለልጇም ይብሳል። ሐኪሙ ካወቀ ያመዛዝናል። መቆየት የሚችለውን ያቆያል፣ የማይቆየውን ተጠንቅቆ ያነሳል።

የወንድሜን ሚስት የራጅ ማዘዣ ወረቀት እስካሁን አልጣልኩትም። ስም አለው፣ ዕድሜ አለው፣ ፆታ አለው፣ የሚነሳው የሰውነት ክፍል አለው። ከፆታ ቀጥሎ አንድ መስመር የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ። ጥያቄዋ እዚያ ትግባልን።