ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ክፍት ነው

ስሙኝማ የተክለሃይማኖት ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ትናንት ከጓሮ ያሉትን እማማን ልጠይቅ ገባሁ። ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ያልሄደ አልነበረም፤ ብርቱካኑና ጁሱ ከአልጋው ሥር ሞልቶ ማለፊያ አሳጥቶ ነበር። ቤት ከገቡ በኋላስ? ልጃቸው ብቻዋን ናት። አንሶላውን ገልጣ ጀርባቸውን አሳየችኝ። ከወገባቸው ዝቅ ብሎ ሲጀምር መቅላት ብቻ የነበረው አሁን ቆስሎ የቡና ስኒ አፍ ያህላል። ቁስሉ ከመተኛት ብዛት የመጣ ስለሆነ ሐኪሞቹ በየ2 ሰዓቱ አገላብጪያቸው ብለዋታል፣ ሌሊቱንም ጭምር። ታዲያ እሷ መቼ ትተኛ? አንድ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ሰው ሆነን፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ቁጭ ብለን ስናወራ፣ «እስቲ አንቺ ጋደም በይ» የሚላት አንድ ሰው ጠፋ።

እድራችንስ? ድንኳኑም ወንበሩም ድስቱም ዝግጁ ነው፣ ለቀብር። ለእማማ ጀርባ ለሚያስፈልግ አንድ የአየር ፍራሽ ግን «ደንቡ አይፈቅድም» ተባለ። ደንቡን የጻፍነው እኛው አይደለንም እንዴ? ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ በየኮንዶሚኒየሙ የተበተኑትን ጠይቋቸው፣ ጎረቤት ማጣት ምን እንደሆነ ይነግሯችኋል። እኛ እያለን ነው የሌለን።

ሌላም አለ። ያቺ ጃንጥላና ቦርሳ ይዛ በየበሩ የምታንኳኳው ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ፕሮግራሙ በገጠር በ1995 ተጀምሮ፣ ወደ ከተማ ከገባም ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከተማ ላይ የሚመደቡት ደግሞ ነርሶች ናቸው፤ ለአንዷ 500 ያህል ቤተሰብ ነው የሚደርሳት። ግፊት ትለካለች፣ ቁስል እንዴት እንደሚያዝ ታሳያለች። እኛ ግን በበሩ ቀዳዳ አይተን ዝም እንላለን። እኔ ራሴ የመዋጮ ሰብሳቢ መስላኝ ስንቴ ተደብቄያታለሁ! ያን ቁስል ገና መቅላት እያለ ብታየው ኖሮ...

ከዚያ ለግፊት ኪኒን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን ትልቅ ሆስፒታል እንሰለፋለን። ጥቁር አንበሳ እኮ ስንት ሰው ከክፍለ ሀገር ሪፈር ተጽፎለት፣ መሬት ሸጦ የሚመጣበት ነው፤ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በአገሪቱ እዚያ ብቻ ነበር። የእኔ 140 በ90 እዚያ ምን ይሠራል? ወረዳችን ጤና ጣቢያ አለው። አዎ፣ መድኃኒት የሚያልቅበት ቀን አለ፣ እኔም ደርሶብኛል። ያን ቀን ከፋርማሲ ገዛሁ እንጂ ልቤ እየመታ ሌሊት አልተሰለፍኩም።

በሉ አሁን ወደ ሥራው። የጤና ኤክስቴንሽኗን ልጅ ሐሙስ ጠዋት እማማ ጋ ይዣት እገባለሁ፣ በሩን እንዳትዘጉባት። የእድሩን ሊቀመንበር ስለ ፍራሹ እኔው አናግራቸዋለሁ፣ እምቢ ካሉ እናዋጣ። ነገ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ማገላበጡ የእኔ ተራ ነው። ከ10 በኋላ ያለው ክፍት ነው፤ የምትይዙ ንገሩኝ።